ሙቅ ባሕር የወለደው ዐውሎ ነፋስ ብርድ አገር ገብቶ ይኖራልን?

እኛ ከባሕር ርቀን በደጋ ላይ የምንኖር ሰዎች ስለ ባሕር ዐውሎ ነፋስ የምናውቀው በጋዜጣ ካነበብነውና በራዲዮ ከሰማነው አያልፍም። ክረምት ሲገባ በረዶና ጎርፍ፥ በጋ ሲመጣ አቧራ የሚያነሣ ነፋስ እናያለን እንጂ፥ የቤት ጣራ ገንጥሎ የሚወስድና መርከብን ከወደብ አውጥቶ በየብስ ላይ የሚጥል ነፋስ አገራችን አልለመደችም። ይሁን እንጂ ነገሩ ከእኛ ሩቅ ነው ብሎ መተው ለተማሪም ሆነ ሥራ ለሚጀምር ወጣት ሹም የሚበጅ አይደለም። በዚህ ነገር ውስጥ ከተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርት በቀር ስለ መንግሥት ሥራም ትልቅ ትምህርት አለበትና።

የዛሬው ጥያቄያችን ይህ ነው። ከምድር ወገብ ብዙ ሳይርቅ ከሙቅ ባሕር የሚወለደው ዐውሎ ነፋስ፥ ሃሪኬን ወይም ታይፉን ወይም ሳይክሎን የሚባለው፥ ቀዝቃዛ ባሕርና ቀዝቃዛ አየር ወዳለበት ከፍ ያለ ኬክሮስ ሲደርስ እንዳለ ሊቈይ ይችላልን? ወይስ ደጋ ላይ እንደ ተተከለ የቆላ ተክል ጠውልጎ ይቀራል?

ብዙ ሰው «ይጠወልጋል» ብሎ ይመልሳል። መልሱ በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን በዚህ በከፊል እውነት በሆነ አሳብ ተማምነው በቤታቸው የተኙ ብዙ ሰዎች ሳይነቁ ቀርተዋል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የቶሮንቶ ሌሊት

በ1954 በኦክቶበር ወር ሄዝል የተባለ ዐውሎ ነፋስ በካሪብያን ባሕር ተነሣ። በሄይቲ ላይ ሲያልፍ ከ400 እስከ 1,000 የሚገመት ሰው ገደለ። ኦክቶበር 15 ቀን ጧት በአሜሪካ የሰሜን ካሮላይናና የደቡብ ካሮላይና ክፍላተ ሀገር በሚዋሰኑበት ጠረፍ ከባሕር ወደ የብስ ወጣ። የካናዳ ትልቅ ከተማ ቶሮንቶ ከዚያ ጠረፍ 1,100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ትርቃለች። በመካከሉ ሰፊ የብስና የተራራ ሰንሰለት አለ። ወሩም የመከር ወር ስለ ሆነ በካናዳ ብርዱ ጀምሯል። እንግዲህ ማንም አስተዋይ ሰው «ይህ ነፋስ ቶሮንቶ ሳይደርስ ያልቃል» ቢል የሚፈረድበት አልነበረም።

ነፋሱ ግን በዚያው ዕለት ሌሊት ቶሮንቶ ደረሰ። ሲደርስም የመጣበት የሙቅ አገር ዐውሎ ነፋስ መልኩ አልነበረውም። ከምዕራብ ከመጣ ቀዝቃዛ አየር ጋር ተገናኝቶ ሌላ ዐይነት ማዕበል ሆኖ ነበር። ከሙቅ ባሕር ተሸክሞት የመጣውን እርጥበት በዚያ በቀዝቃዛው አየር ላይ አራገፈው። ከከተማው በስተ ሰሜን ምዕራብ ባለው አገር ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ጣለ። ምድሪቱ አስቀድሞ በዘነበው ዝናብ ጠግባ ስለ ነበር ውሃው የሚሰርግበት አላገኘም፤ ሁሉም ወደ ወንዞቹ ወረደ።

ሃምበር የተባለው ወንዝ ከአልጋው ወጥቶ ሬይሞር ድራይቭ በሚባለው መንገድ ዳር የነበሩትን ቤቶች ከነሰዎቻቸው ጠረገ። በዚያ በአንድ መንገድ ብቻ 35 ሰዎች ሞቱ። በጎርፍ የተከበበ ሰው ለማዳን የሄዱ አምስት የእሳት አደጋ ተከላካዮችም በዚያው ወንዝ ሰጠሙ። በጠቅላላው በካናዳ የሞተው ሰው 81 ሆነ።

ማስጠንቀቂያ ጨርሶ አልተሰጠም አይባልም። የአገሩ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ከባድ ዝናብና ብርቱ ነፋስ እንደሚመጣ አስታውቆ ነበር። ነገር ግን ሕዝቡ እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። ሃሪኬን የሚባለው የኩባና የፍሎሪዳ እንጂ የካናዳ ጉዳይ ነው ብሎ የሚያስብ አልነበረም።

ዐውሎ ነፋሱ ምን በልቶ ያድራል?

ነገሩ እንዲገባን በመጀመሪያ የዐውሎ ነፋሱን ምግብ መመርመር አለብን። የፊንላንዱ ሊቅ ኤሪክ ፓልሜን በ1948 ባወጣው ጥናት፥ እነዚህ ዐውሎ ነፋሶች የሚወለዱት የባሕሩ ፊት ሙቀት ከ26 ወይም ከ27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነበት ስፍራ መሆኑን አመልክቶ ነበር። ምክንያቱም ይህ ነው። ሙቅ ባሕር ብዙ እንፋሎት ይሰጣል። እንፋሎቱ ወደ ላይ ወጥቶ ደመናና ዝናብ ሲሆን፥ ውሃው በተነነ ጊዜ የወሰደውን ሙቀት ለአየሩ መልሶ ይሰጠዋል። የሞቀው አየር ቀሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ በታች የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ከዙሪያው ያለው አየርም ወደ መካከል ይሮጣል። የሚሮጠው አየር ምድር በመዞርዋ ምክንያት ቀጥ ብሎ ሊገባ ስለማይችል እየተጠማዘዘ ይዞራል። ነፋሱ በበረታ ቍጥር ትነቱ ይበዛል፤ ትነቱም በበዛ ቍጥር ነፋሱ ይበረታል። መካከሉ ሙቅና ጸጥ ያለ ነው፤ ይህም የዐውሎ ነፋሱ ዐይን ይባላል። በዐይኑ ዙሪያ ግን ከሁሉ የከፋው ነፋስ ይዞራል።

እንግዲህ የሙቅ አገር ዐውሎ ነፋስ ባሕሩን እንደ ምድጃ አድርጎ ይኖራል ማለት ነው። ምድጃው ሲቀዘቅዝ ኃይሉ መድከሙ አይቀርም። ሁለተኛም ጠላት አለው። ከታችኛው አየርና ከላይኛው አየር ያለው ነፋስ አካሄዱ የተለያየ እንደ ሆነ፥ ቀጥ ብሎ የቆመው የደመና ዐምድ ይዘምምና ይፈርሳል። በከፍተኛ ኬክሮስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የላይኛው አየር ነፋስ በጣም ፈጣን ስለ ሆነ፥ ወደዚያ የሚሄደው ዐውሎ ነፋስ ከታች ብርድ ከላይ ግፊያ ይጠብቀዋል።

ነገር ግን የመካከለኛው ኬክሮስ አገሮች የራሳቸው ማዕበል አላቸው። የእርሱም ምግብ ሌላ ነው። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ በኖርዌይ አገር በቤርገን ከተማ በቪልሄልም ቢየርክነስ መሪነት የሚሠሩ ሊቃውንት፥ ይህ ማዕበል የሚመገበው ከቀዝቃዛና ከሙቅ አየር ልዩነት መሆኑን አስረዱ። ቀዝቃዛው አየር ከብዶ ወደ ታች ሲሰርግና ሙቁ አየር በላዩ ሲወጣ ነፋስ ይወለዳል። ሁለቱ አየሮች የሚጋጠሙበትን ድንበር እነዚያ ሊቃውንት የጦር ሜዳውን ቃል ወስደው «ግንባር» አሉት፤ ስሙ እስከ ዛሬ በየአገሩ የአየር ጠባይ ካርታ ላይ ይሠራበታል።

ሁለቱን ማነጻጸር ይጠቅማል። የሙቅ ባሕሩ ዐውሎ ነፋስ ክብና ጠባብ ነው፤ ብርቱው ነፋስ በመካከሉ አጠገብ ይሰበሰባል። የብርድ አገሩ ማዕበል ግን ሰፊና ጐባጣ ነው፤ ነፋሱና ዝናቡ ከመካከሉ ርቆ በአንድ ወገን ይበዛል።

ብርድ ሲያገኘው

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ወደ ብርድ አገር የገባ ዐውሎ ነፋስ ከሦስት ዕጣዎች አንዱ ይደርሰዋል።

የመጀመሪያው መሞት ነው። ምድጃው ይቀዘቅዛል፤ የላይኛው ነፋስ ይበትነዋል፤ ጥቂት ደመናና ካፊያ ሆኖ ያልቃል። ይህ ብዙ ጊዜ የሚሆን ስለ ሆነ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው እንዳለ መቈየት ነው። ይህ የሚሆነው ብርዱ ሳይዘልቀው ሩጦ ከደረሰ ነው። እሳቱ ከሥሩ የወጣበት ድስት ወዲያው እንደማይቀዘቅዝ፥ ዐውሎ ነፋስም ምድጃው እንደ ተወሰደበት ወዲያው አይጠፋም። በሴፕቴምበር 21 ቀን 1938 በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ኒው ኢንግላንድ የተባለውን አገር የመታው ዐውሎ ነፋስ በሰዓት ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ እየሮጠ ስለ መጣ ለመድከም ጊዜ አላገኘም፤ ከ600 የማያንስ ሰውም ገደለ። በዚያን ቀን በዋሽንግተን የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት የነበረ ቻርልስ ፒርስ የተባለ ወጣት ሠራተኛ ዐውሎ ነፋሱ ወደ ሰሜን እንደሚሮጥ ገምቶ እንደ ነበረና ልምድ ያላቸው አለቆቹ አሳቡን እንዳልተቀበሉት ይነገራል። በቀድሞው ልማድ እንዲህ ያለው ነፋስ ወደ ውቅያኖሱ ታጥፎ ይሄድ ነበርና።

ፍጥነት ብቻ ሳይሆን የባሕሩም ጠባይ ይረዳል። ገልፍ ስትሪም የሚባለው ሙቅ የባሕር ውሃ ጅረት ከፍሎሪዳ ተነሥቶ በአሜሪካ ጠረፍ አጠገብ ወደ ሰሜን ይወርዳል። ስለዚህ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ምዕራብ ያለው ዐውሎ ነፋስ ስንቁን እስከ ሩቅ ይዞ መሄድ ይቻለዋል። ሁዋን የተባለው ዐውሎ ነፋስ በሴፕቴምበር 29 ቀን 2003 የካናዳን ወደብ ሃሊፋክስን በመታ ጊዜ ከ44 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ በላይ ሆኖ ሳለ ሙሉ ሃሪኬን ነበር። ነፋሱ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። በዚያ ዓመት ከጠረፉ ፊት ያለው ባሕር ከልማዱ ይልቅ ሞቆ ስለ ነበር፥ ነፋሱ የሚደክምበት ቀዝቃዛ ውሃ አነሰው። ፖይንት ፕሌዛንት በተባለው የከተማው መናፈሻ ብቻ በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ዛፎች ወደቁ።

ከዚህም የሚያስደንቅ አለ። በኦክቶበር 14 ቀን 2017 ኦፌሊያ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ከአዞር ደሴቶች በስተ ደቡብ በትልልቆቹ ሃሪኬኖች ማዕርግ ውስጥ ገባ። የባሕሩ ሙቀት ግን 25 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነበር። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? ቢሉ፥ የምድጃው ኃይል የሚለካው በእሳቱ ብቻ አይደለም። ከባሕሩ ፊት እስከ ደመናው ጫፍ ያለው የሙቀት ልዩነት ነው ዋናው። የላይኛው አየር በጣም የቀዘቀዘ እንደ ሆነ መካከለኛ ሙቀት ያለው ባሕርም ብርቱ ነፋስ ሊያሳድር ይችላል። እንግዲህ 26 ዲግሪ የሚለው ቍጥር መልካም መመሪያ ነው እንጂ እንደ ግንብ የማይታለፍ ድንበር አይደለም።

ሦስተኛው ዕጣ መለወጥ ነው። ዐውሎ ነፋሱ ከቀዝቃዛው አየር ጋር በተገናኘ ጊዜ፥ አሮጌ ምግቡን ትቶ አዲሱን ይለምዳል። መካከሉ ይቀዘቅዛል፤ ክብነቱ ይፈርሳል፤ ግንባሮች ያበቅላል፤ ስፋቱም እጥፍ ድርብ ይሆናል። በአትላንቲክ ውቅያኖስ ከሚነሡት ዐውሎ ነፋሶች መካከል ወደ ግማሽ የሚጠጉት በዚህ መንገድ እንደሚለወጡ ጥናት አሳይቷል። ሄዝል ከእነዚህ አንዱ ነበር፤ ፓልሜንም በ1958 ባወጣው ሌላ ጥናት፥ ሄዝል በመለወጡ ጊዜ ከሁለቱ አየሮች መጋጠም ምን ያህል ኃይል እንዳገኘ መርምሯል። ኦፌሊያም ቢሆን በኦክቶበር 16 ቀን አየርላንድ ሲደርስ ተለውጦ ነበር። ሆኖም ፋስትኔት በተባለው ዐለት ላይ የነፋሱ ግፊት በሰዓት 191 ኪሎ ሜትር ተለካ፤ በመላው አገሩም ትምህርት ቤቶች ተዘጉ።

በ2022 ፊዮና የተባለው ዐውሎ ነፋስ ከተለወጠ በኋላ በሴፕቴምበር 24 ቀን በካናዳ ኖቫ ስኮሺያ በየብስ ላይ ወጣ። የአየሩ ግፊት ወደ 932.7 ሚሊባር ወረደ፤ ይህም በካናዳ ምድር ላይ እስከዚያ ቀን ከተለካው ሁሉ ዝቅተኛው ነው። በኒውፋውንድላንድ ፖርት ኦ ባስክ በምትባለው ከተማ ቤቶች ከነመሠረታቸው ወደ ባሕር ተጠረጉ። የፊዮና ታሪክ መልሱን በግልጥ ይሰጠናል። ዐውሎ ነፋሱ እንዳለ አልቈየም፤ ነገር ግን አልደከመም።

ስም ሲለወጥ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል የአገራችን ሰው። የዐውሎ ነፋስን ስምና ማዕርግ የሚያወጣው ግን መሥሪያ ቤት ነው። መሥሪያ ቤትም በደንብ ይሠራል። ደንብ ደግሞ አንዳንድ ጊዜ ከእውነተኛው ነገር ወደ ኋላ ይቀራል።

በ2012 ሳንዲ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ወደ ኒው ዮርክ ሲገሠግሥ፥ የአሜሪካ የሃሪኬን መሥሪያ ቤት ሊቃውንት ጠረፍ ሳይደርስ ወደ ሌላው ዐይነት እንደሚለወጥ አስቀድመው ዐወቁ። ግምታቸውም ልክ ነበር፤ ኦክቶበር 29 ቀን ማታ ኒው ጀርሲ ከመድረሱ ጥቂት ሰዓታት በፊት ተለወጠ። ነገር ግን በዚያን ጊዜ በነበረው ደንብ የሃሪኬን ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው ለሃሪኬን ብቻ ነበር። ስለዚህ ለኒው ጀርሲና ለኒው ዮርክ ጠረፍ የሃሪኬን ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ቀረ፤ በምትኩ ሌሎች የነፋስና የጎርፍ ማስጠንቀቂያዎች ወጡ። ሊቃውንቱ በሳይንሱ አልተሳሳቱም፤ ሕዝቡ ግን «ሃሪኬን አይደለም» የሚለውን ቃል «አደጋ የለም» ብሎ እንዳይሰማው አስግቶ ነበር። ባሕሩ የኒው ዮርክን የምድር ውስጥ ባቡር መንገድ ሞላ፤ ብዙ ሰውም ሞተ።

ከዚህ በኋላ ሌላ ክርክር ተነሣ። በዚያ አገር ብዙ የቤት ኢንሹራንስ ውሎች ጉዳቱ በሃሪኬን የደረሰ እንደ ሆነ ባለቤቱ ከፍ ያለ ድርሻ ከኪሱ እንዲከፍል ያዛሉ። ሳንዲ ጠረፍ ሲደርስ ሃሪኬን ስላልነበረ፥ የክፍላተ ሀገሩ ገዥዎች ኩባንያዎቹ ያንን ከፍተኛ ድርሻ ሊያስከፍሉ አይገባም ብለው ወሰኑ። እነሆ፥ በአንድ ቃል ላይ ብዙ ገንዘብ ወዲያና ወዲህ ሄደ።

መሥሪያ ቤቱም ከነገሩ ተምሮ በ2013 ደንቡን ለወጠ። ከዚያ ወዲህ ዐውሎ ነፋሱ ጠባዩን ቢለውጥም፥ ለሰው ሕይወት የሚያሠጋ እስከ ሆነ ድረስ ማስጠንቀቂያው እንዲቀጥል ተፈቀደ። በበኩላችን ይህን ውሳኔ ከብዙ መሣሪያ የበለጠ ዋጋ ያለው ሆኖ እናየዋለን። በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ የተደረገ ትንሽ ለውጥ ነውና፤ የሚያድነው ግን የሰው ሕይወት ነው።

ወደ ፊትስ?

የዓለም አየርና ባሕር እየሞቁ መሄዳቸው የታወቀ ነው። ጄምስ ኮሲንና ጓደኞቹ በ2014 ባወጡት ጥናት፥ ዐውሎ ነፋሶች ከፍተኛ ኃይላቸውን የሚያገኙበት ስፍራ በሰሜን ንፍቀ ክበብ በየአሥር ዓመቱ 53 ኪሎ ሜትር፥ በደቡብ ንፍቀ ክበብ 62 ኪሎ ሜትር ያህል ከምድር ወገብ እየራቀ እንደ ሄደ አሳዩ። ምድጃው እየሰፋ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ ሃሪኬንን በታሪክ መጽሐፍ ብቻ የሚያውቁ ከተሞች ወደ ፊት በደጃቸው ሊያዩት ይችላሉ።

ለእኛም ቢሆን ነገሩ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም። በሜይ 2018 ሳጋር የተባለው ሳይክሎን በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ወደ ምዕራብ ተጉዞ በሶማሌ ሰሜናዊ ጠረፍ ወጣ፤ ዝናቡም ጅቡቲንና የምሥራቅ ኢትዮጵያን ቆላ በጎርፍ መታ። ነገር ግን የብስ እንደ ረገጠ ፈጥኖ ተበተነ። የዚህም ምክንያት ከላይ ከተናገርነው ይገኛል። በዚያ አገር ከባሕሩ ሲለይ የሚመገበው ቀዝቃዛ የአየር ግንባር አላገኘም። ሄዝልና ፊዮና የመጀመሪያው ምግባቸው ሲቋረጥ ሁለተኛ ማዕድ ተዘርግቶ ጠበቃቸው፤ ሳጋር ግን አንዱን አጥቶ ሁለተኛውን ሳያገኝ ቀረ።

እንግዲህ መልሱን ለመሰብሰብ ያህል፥ የሙቅ ባሕር ዐውሎ ነፋስ በብርድ አገር እንዳለ መቈየቱ ሙቅ ውሃ ሲከተለው፥ ወይም ብርዱን በፍጥነት ሲቀድመው፥ ወይም የላይኛው አየር እጅግ ሲቀዘቅዝ የሚሆን፥ ብዙ ጊዜም የማይቈይ ነገር ነው። እንዳለ አለመቈየቱ ግን ማለቁ አይደለም። ተማሪው ይህን ልዩነት ለፈተናው ይይዘው፤ ሹሙ ደግሞ ለሥራው ይያዘው።

ቶሮንቶ ከሄዝል በኋላ ያደረገችው ለመጨረሻ ሊነገር ይገባዋል። የከተማው ሹማምንት ሙታኑን ከቀበሩ በኋላ «እንዲህ ያለው በመቶ ዓመት አንድ ጊዜ ነው» ብለው ቤቶቹን በዚያው በወንዙ ዳር መልሰው አልሠሩም። በ1957 የከተማውንና የአካባቢውን ወንዞች የሚጠብቅ ባለ ሥልጣን መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ የጎርፍ መውረጃ የሆነውን ሸለቆ ገዝቶ መናፈሻ አደረገው። 35 ሰዎች የሞቱበት ሬይሞር ድራይቭ ዛሬ ልጆች የሚጫወቱበት ሣር ነው። በደቡብ ኦንታሪዮ በብዙ ስፍራ በወንዝ አጠገብ ቤት መሥራት የሚፈልግ ሰው ሄዝል የጣለው ዝናብ ዛሬ ቢዘንብ ውሃው እስከ የት እንደሚደርስ ተለክቶ ይፈቀድለታል ወይም ይከለከላል።

ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። የቶሮንቶ ሰዎች አንድ ጊዜ ተቃጥለዋል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ቅጠሉን ከእጃቸው አልጣሉም።